ድንጋዩ ከየት መጣ? የጥንት ግሪክንና ሮምን ከመሬት ጀምሮ ማጥናት

(ይህ ለታሪክና ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ የአነጋገሩን መልክ ግን አልቀየርኩም። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ቅ.ል.ክ.» ስል ከክርስቶስ ልደት በፊት ማለቴ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አቴንስ ሄዶ አክሮፖሊስን የሚጎበኝ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከላይ በቆመው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከታች እንድንጀምር እፈልጋለሁ። በኮረብታው ሰሜን በኩል፣ ወደ ጥንቱ የገበያ አደባባይ በሚያየው ግንብ ውስጥ፣ ከሌላው ድንጋይ ጋር የማይመሳሰሉ ትልልቅ ክብ እብነ በረዶች ተሰክተው ይታያሉ። የዓምድ ቁራጮች ናቸው። ለግንብ ተብለው እንዳልተጠረቡ ያስታውቃሉ።

ታዲያ እዚያ ምን ያደርጋሉ? በ490 ቅ.ል.ክ. አቴናውያን ማራቶን በሚባለው ቦታ ላይ ፋርሶችን ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ አክሮፖሊስ ላይ ለአቴና፣ ለከተማዋ እንስት አምላክ፣ ትልቅ የእብነ በረድ ቤተ መቅደስ መሥራት ጀመሩ። ሥራው ገና ከመሠረቱ ብዙም ከፍ ሳይል በ480 ፋርሶች ተመልሰው መጡ። ከተማዋን ያዙ፤ አክሮፖሊስንም አቃጠሉት። ሕዝቡ ሲመለስ የተረፉትን የዓምድ ቁራጮች አነሳና በአዲሱ ግንብ ውስጥ ደረደራቸው። ያውም ከተማው ሁሉ በሚያየው በኩል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ሆን ተብሎ የተተወ መታሰቢያ ነው ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

እነዚህን ድንጋዮች ያስቀደምኩት አንድ ጥያቄ ላስይዛችሁ ስለፈለግሁ ነው። የግሪክና የሮም ታሪክ በትምህርት ቤት ሲሰጠን እንደ ስም ዝርዝር ነው የተሰጠን። ፔሪክለስ፣ እስክንድር፣ ቄሣር፣ አውግስጦስ። ጦርነቱ መቼ ተነሳ፣ መቼ አለቀ። ካርታው ሌላ ክፍለ ጊዜ ነው። ሕንፃው ደግሞ ፎቶ ነው። ሦስቱ ተለያይተው ስለተሰጡን ሦስቱም ደረቁብን። እኔ የምለው፣ አንድ ሕንፃ ፊት ቁሙና «ይህ ድንጋይ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለማግኘት ተራራውን ማወቅ አለባችሁ፤ ይህ ጂኦግራፊ ነው። ማን ገንዘቡን እንደከፈለ ማወቅ አለባችሁ፤ ይህ ታሪክ ነው። እንዴት ተነስቶ፣ እንዴት ቆመ ስትሉ ደግሞ ሥነ ሕንፃ ውስጥ ገባችሁ።

እስቲ በአቴንስ እንሞክረው።

ተራራ ሰውን ከሰው እንደሚለያይ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ግሪክም እንዲሁ ናት። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መሻገር ያደክማል። በዚህ የተነሳ በግሪኩ ዓለም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ከተማ መንግሥታት ነበሩ። አንዳንዶቹ የአንድ ወረዳ ያህል እንኳ መሬት አልነበራቸውም። የሚያገናኛቸው ባሕሩ ነበር። ባሕር ለእነሱ ድንበር ሳይሆን መንገድ ነው።

የአቴንስ አካባቢ አቲካ ይባላል። አፈሩ ስስ ነው። ለወይራና ለወይን ይስማማል፤ ለእህል ግን አያጠግብም። ስለዚህ ከተማዋ ባደገች ቁጥር እህሏ በመርከብ መምጣት ነበረበት፤ በተለይም ከጥቁር ባሕር ዳርቻ። ያ እህል የሚያልፈው ዛሬ ዳርዳኔልስ በሚባለው ጠባብ የባሕር በር ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ፣ አቴንስና ስፓርታ ያደረጉት የረጅም ዓመታት ጦርነት እንዴት እንዳለቀ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። በ405 ቅ.ል.ክ. የስፓርታው አዛዥ ሊሳንደር የአቴንስን መርከቦች እዚያው ባሕር በር አጠገብ ደመሰሳቸው። የእህሉ መንገድ ተዘጋ። አቴንስም በቀጣዩ ዓመት በረሃብ እጇን ሰጠች። ግንቧ ጠንካራ ነበር፤ ግንብ ግን አይበላም።

አፈሩ ድሃ ቢሆንም ከሥሩ ግን ሀብት ነበረው። በአቲካ ደቡባዊ ጫፍ ላውሪዮን የሚባል ቦታ አለ፤ የብር ማዕድን ነበረበት። ወደ 483 ቅ.ል.ክ. ገደማ ብዙ ብር ተገኘ። የጥንቱ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚነግረን ሕዝቡ ብሩን ለእያንዳንዱ ዜጋ አሥር አሥር ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ ነው) ሊከፋፈለው ነበር። ቴሚስቶክሊስ የተባለው መሪ ተነስቶ «አይሆንም፤ መርከብ እንሥራበት» አለ። አሳመናቸውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ፋርሶች ሲመጡ፣ በሳላሚስ የባሕር ውጊያ ከተማዋን ያዳኗት እነዚያ መርከቦች ናቸው። አንዱ መርከብ 170 ቀዛፊዎች ይፈልግ ነበር። ቀዛፊው ደግሞ በአብዛኛው ድሃው ዜጋ ነው። ከተማውን ያዳነ ድሃ በከተማው ጉዳይ ድምፁ ከፍ ይላል። ስለ አቴንስ ዴሞክራሲ ስታነቡ ይህንን የማዕድን ጉድጓድ አትርሱት።

ጉድጓዱን ካነሳን ዘንድ የቆፈሩትንም ማንሳት ግድ ነው። በላውሪዮን ውስጥ የሠሩት በአብዛኛው ባሮች ናቸው። መሿለኪያዎቹ አንዳንድ ቦታ ሰው በደረቱ ካልተሳበ የማያሳልፉ ነበሩ። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደጻፈው፣ በኋላ ስፓርታውያን ከአቴንስ ብዙም ሳይርቁ ደከሌያ ላይ ሲሰፍሩ፣ ከ20,000 የሚበልጡ ባሮች አቴንስን ጥለው ሸሹ። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ይከብደኛል። የአቴንስን ውበት የምወድ ሰው ነኝ። ግን ያንን ውበት ይህን ቁጥር ሳይዙ ማስተማር ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፓርተኖን እንውጣ። ሥራው በ447 ቅ.ል.ክ. ተጀመረ፤ በ438 ለአገልግሎት በቃ፤ ቅርጻ ቅርጹ በ432 አለቀ። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቲስ ናቸው። የትልቁን የአቴና ሐውልት የሠራው ፊዲያስ ነው። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከፔንዴሊ ተራራ፤ ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በበሬ በሚጎተት ጋሪ ወርዶ፣ በሜዳው አልፎ፣ እንደገና ኮረብታው ላይ ወጣ። ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠጥረው። ከፋርስ ጦርነት በኋላ የግሪክ ከተሞች በአቴንስ መሪነት የመከላከያ ማኅበር አቋቁመው ነበር። መዋጮ ይከፍሉ ነበር። ግምጃ ቤቱ መጀመሪያ በዴሎስ ደሴት ነበር፤ በ454 ወደ አቴንስ ተዛወረ። ከዚያ መዋጮ የተወሰነው ወደ ግንባታው ገባ። የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደጻፈው በጊዜው የአቴንስ መሪ የነበረው የፔሪክለስ ተቃዋሚዎች በጉባኤ ይህንን አንስተው አምርረው ከሰውታል። ለመከላከያ የከፈሉት ሰዎች ገንዘብ ለጌጥ ዋለ ነው ክሱ። ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ነገር ግን ፓርተኖንን «የዴሞክራሲ ሐውልት» ብቻ ብሎ ማለፍ የታሪኩን ግማሽ መቁረጥ ነው።

አቴናውያን የሚደነቁበት አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ። ሒሳቡን ደብቀው አላስቀሩም። ድንጋይ ላይ ቀርጸው አቆሙት። የፓርተኖን ወጪና ገቢ ከፊሉ ዛሬም ይነበባል። ከፓርተኖን አጠገብ ያለው የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ሒሳብ ደግሞ የበለጠ ዝርዝር ነው። በ409 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የተጻፈ ነው። ዓምዶቹን የጠረቡት ሰዎች በስም ተዘርዝረዋል። ዜጋ አለ፤ ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚኖር አለ፤ ባሪያ አለ። ጎን ለጎን አንድ ዓምድ ላይ ይሠሩ ነበር። የቀን ክፍያው ለሁሉም አንድ ድራክማ ነው። የባሪያው ድርሻ ወደ ጌታው ኪስ እንደሚገባ ግልጽ ነው፤ ያም ሆኖ የእጅ ሥራ ዋጋ በሰው ማዕረግ አልተለየም። ስለ አቴንስ ማኅበረሰብ ከተጻፉ ብዙ ነገሮች ይልቅ ይህች የደመወዝ ዝርዝር ብዙ ታስተምራለች።

የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች እጅ እያወጣችሁ ነው፤ ወደ እናንተ መጣሁ። በፓርተኖን ውስጥ ቀጥ ያለ የሚመስለው መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። ዓምዶቹ የቆሙበት ወለል መሐሉ ላይ ጎበጥ ይላል፤ በረጅሙ ጎን 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በአጭሩ ጎን ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዓምዶቹ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። የማዕዘኖቹ ዓምዶች ከሌሎቹ ትንሽ ወፈር ይላሉ። ስለዚህ አንዱ ድንጋይ በሌላው ቦታ አይገባም። እያንዳንዱ ለራሱ ቦታ ብቻ የተጠረበ ነው።

ከዓምዶቹ በላይ ዙሪያውን የሚሄደውን ተርታ ተመልከቱ። ሦስት ሦስት ቁም ሽንትር ያላቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይደጋገማሉ። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ አርክቴክት እነዚህ ቤተ መቅደስ በእንጨት ይሠራ በነበረበት ዘመን የአግዳሚ እንጨቶች ጫፍ የሚሸፈንባቸው ነበሩ ይላል። ድንጋዩ የእንጨቱን መልክ ወርሶ ቀረ ማለት ነው። የአክሱምን ሐውልቶች ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። በሐውልቶቹ ላይ በየፎቁ ተርታውን የወጡት ክብ ክብ ነገሮች፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት፣ በአክሱም ግድግዳ ውስጥ ከሚገቡት እንጨቶች የሚወጡት ጫፎች ናቸው፤ በድንጋይ ተቀርጸው። አንዱ ከሌላው አልቀዳም። ሁለት ሕዝቦች፣ በየራሳቸው መንገድ፣ የአናጢነት ትዝታቸውን በድንጋይ አስቀመጡ። እኛ አገር የሥነ ሕንፃ ታሪክ የሚያስተምር ሰው የግሪክን ዓምድ ከማስረዳቱ በፊት ይህን ቢያሳይ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ስለ ፓርተኖን አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ሮም ልሻገር። የጥንት ሠራተኞች እብነ በረዱን ያያያዙት በብረት መቆንጠጫ ነው። ብረቱን ግን በቀለጠ እርሳስ ከበቡት። እርሳሱ ውሃና አየር እንዳይደርስበት ይከላከላል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥም ትንሽ ይለጠጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕንፃውን ለመጠገን የገቡት ሰዎች በብዙ ቦታ ብረቱን ያለ እርሳስ ተጠቀሙበት። ብረቱ ዛገ። ዝገት ሲያብጥ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። ከ1975 ጀምሮ የተቋቋመው የአክሮፖሊስ ጥገና ኮሚቴ ያንን ብረት እያወጣ በቲታኒየም ሲተካ ዓመታት ፈጅቶበታል። የጥንቱ ሠራተኛ የሚያውቀውን፣ ከ2,300 ዓመት በኋላ የመጣው ባለሙያ ዘነጋው። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን የመጠገን ዕጣ የሚደርሳችሁ እዚህ ውስጥ ትኖራላችሁ። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ።

ሮም ሌላ ዓለም ናት። መሬቱ ሌላ ስለሆነ።

ከተማዋ ከባሕር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ፣ ቲቤር ወንዝ መሻገሪያ ላይ ነው የተቆረቆረችው። የጨው መንገድ እዚያ ያልፋል። ዙሪያዋን ያለው መሬት የእሳተ ገሞራ መሬት ነው። ሮማውያን ሕንፃቸውን በእብነ በረድ ሊያስጌጡት ይችላሉ፤ ግንባታውን የቀየረው ግን ከእግራቸው ሥር ያለው አቧራ ነው። በኔፕልስ አካባቢ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ውሃ ውስጥ እንኳ ይጠነክራል። ቪትሩቪየስ በመጽሐፉ ይህን በግልጽ አስፍሮታል። የሮም ኮንክሪት ይህ ነው። ግሪኮች ድንጋይን እየጠረቡ ይደረድራሉ። ሮማውያን ደግሞ ጠጠርና ጭቃውን ደባልቀው በእንጨት ድጋፍ ላይ ያፈሱታል። ግሪካዊው ባለሙያ በአግዳሚ ድንጋዩ ርዝመት ይወሰናል። ሮማዊው ቅስትና ጉልላት መሥራት ቻለ። ስለዚህ የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚያምረው ከውጭ ነው፤ የሮም ሕንፃ ግን ውስጡ ስትገቡ ነው ትንፋሽ የሚያሳጥራችሁ።

ሮም ውስጥ ያለውን የፓንተዮን ቤተ መቅደስ ውሰዱ። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ነው። ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ቁመትም ያው ነው። ውስጡ ብረት የለም። ብረት በሌለው ኮንክሪት ከተሠሩ ጉልላቶች እስከ ዛሬ በዓለም ትልቁ እሱ ነው። እንዴት ቆመ? ከታች ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል። ኮንክሪቱ ውስጥ የገባው ድንጋይም ከታች ከባድ ነው፤ ከላይ ግን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ድንጋይ የለም፤ ሰማይ ነው። ክፍት ክብ ቀዳዳ፣ ወደ 9 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል፤ ወለሉም ውሃውን የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉት።

የፓንተዮን ፊት ለፊት ላይ ትልቅ ጽሑፍ አለ። ማርቆስ አግሪፓ ሠራው ይላል። አግሪፓ የመጀመሪያው የሮም ንጉሠ ነገሥት የአውግስጦስ የቅርብ ሰው ነው። ሰዎች ለዘመናት ጽሑፉን አመኑት። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ጡቦች ግን ሌላ ታሪክ ያወራሉ። ሮማውያን ጡብ ሲሠሩ ማህተም ያደርጉበት ነበር። ማህተሞቹ ሲጠኑ፣ ሕንፃው አግሪፓ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በነገሥታቱ በትራያንና በሐድሪያን ዘመን መሠራቱ ታወቀ። የአግሪፓው ተቃጥሎ ነበር። ሐድሪያን አዲሱን ሲያቆም የጥንቱን ሰው ስም መለሰለት። ታሪክ አጥኚ ከዚህ የሚማረው ነገር ግልጽ ነው። በር ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ግን ግድግዳውንም ጠይቁ።

የመግቢያው ዓምዶች ደግሞ ወደ ሩቅ ይወስዱናል። አሥራ ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 12 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያላቸው፣ ወጥ የግራናይት ድንጋይ። የፊተኛው ረድፍ ግራጫ ግራናይት የመጣው ከግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ነው፤ ሞንስ ክላውዲያነስ ከሚባል ድንጋይ መፍለጫ። ከዚያ እስከ አባይ ወንዝ ድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ ተጎትቶ፣ በአባይ ወርዶ፣ በእስክንድርያ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በቲቤር ወጥቶ ነው ሮም የገባው። ሞንስ ክላውዲያነስ ላይ በተደረገ ቁፋሮ በሸክላ ስባሪ ላይ የተጻፉ በሺህ የሚቆጠሩ ማስታወሻዎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ በግሪክኛ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ስንት ውሃ እንደሚደርሰው የሚዘረዝሩ አሉ። ለመጫን ተዘጋጅቶ የተሰነጠቀና እዚያው የቀረ፣ ወደ 200 ቶን የሚገመት ዓምድ ዛሬም በረሃው ውስጥ ተጋድሞ ይገኛል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች የፓንተዮን ዓምዶች በመጀመሪያው ዕቅድ ከዚህ ይረዝሙ ነበር ይላሉ። 50 የሮም ጫማ ታስቦ 40 ብቻ ደረሰ፤ ስለዚህ መግቢያው ዝቅ ብሎ ተሠራ። ማስረጃቸው ከመግቢያው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ የሚታየው ሁለተኛ የጣሪያ ቅርጽ ነው። ግምት ነው፤ ግን ለእኔ አሳማኝ ነው። ሩቅ በረሃ ውስጥ ያልወጣ ድንጋይ ዋና ከተማው ውስጥ ያለውን ሕንፃ መልክ ቀየረው ማለት ነው።

ስለ ኮሎሲየም ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐይቅ በነበረበት ቦታ ላይ እንደተሠራ ብቻ ያዙ። ንጉሥ ኔሮን ለግል ቤተ መንግሥቱ ያሠራው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበር። በኋላ የነገሠው ቬስፓሲያን አደረቀውና ለሕዝብ የሚሆን ቦታ አደረገው። በ80 ዓ.ም. ልጁ ቲቶ መረቀው። ቦታው ራሱ የፖለቲካ ንግግር ነው።

ስለ ውሃ ግን ሳልናገር ብወርድ አዝናለሁ። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ኒም የምትባል ከተማ አለች፤ በሮማውያን ዘመን ውሃዋ የሚመጣው ኡዜስ ከሚባል ቦታ ነው። በቀጥታ ቢሄዱ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የውሃው ቦይ ግን 50 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ለምን? ተራራው ቀጥታ አያሳልፍም። ውሃው በራሱ ቁልቁለት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ፓምፕ የለም። ከምንጩ እስከ ከተማው ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ 12 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በአማካይ ለአንድ ኪሎ ሜትር 25 ሴንቲ ሜትር። ትንሽ ቢሳሳቱ ውሃው ይቆማል ወይም ይሞላና ይፈሳል። ቪትሩቪየስ ለእንዲህ ያለው ልኬት የሚመክረው 6 ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ጠረጴዛ፣ ቱንቢና ከላዩ የተቦረቦረ የውሃ ቦይ ነው። ወንዝ ሲያጋጥማቸው ድልድይ ሠሩለት፤ ወደ 49 ሜትር ከፍታ ያለው ፖን ዱ ጋር የሚባለው ነው። ፎቶውን ስታዩ ቅስቶቹን ብቻ አትመልከቱ። ያንን ሴንቲ ሜትር አስቡ።

ሮም ራሷ አሥራ አንድ እንዲህ ያሉ ቦዮች ነበሯት። የመጀመሪያው በ312 ቅ.ል.ክ. ተሠራ። በ97 ዓ.ም. ፍሮንቲኑስ የተባለ ሰው የውሃው ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሥራውን ለመረዳት ሲል እያንዳንዱን መስመር ለካ፤ ውጤቱን ጻፈ፤ ጽሑፉም ደርሶናል። የሚገርመው ከምንጩ የሚገባው ውሃ በመዝገብ ከተጻፈው በልጦ መገኘቱ ነው። ትርፉ የት ሄደ? ከዋናው መስመር ላይ በድብቅ ቱቦ እየቀጠሉ የሚወስዱ ነበሩ፤ የውሃ ሠራተኞቹም በገንዘብ ይተባበሯቸው ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ይህን ጽሑፍ እንደ ጥንት ታሪክ አያነበውም።

ያው በ312፣ ያው አፒየስ ክላውዲየስ የተባለው ባለሥልጣን፣ ወደ ደቡብ የሚወስደውንም መንገድ አስጀመረ። ቪያ አፒያ ይባላል። ይህ መንገድ ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበት ነው። የማራቶኑ መነሻ የካፒቶሊን ኮረብታ ግርጌ ነው። መመለሻው ላይ አበበ በቪያ አፒያ አለፈ፤ ጨልሞ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን አብርተውለታል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ከአክሱም ተወስዶ እዚያ የቆመውን ሐውልት አልፎ፣ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ሐውልቱ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። የሮምን ካርታ ለማጥናት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ያንን የሩጫ መስመር በጣቱ ይከተል፤ ዋና ዋናዎቹን ቦታዎች ያገኛቸዋል።

አበበ የገባበት ቅስት ሥር ትንሽ እንቁም። ቅስቱ የተመረቀው በ315 ነው። ብዙዎቹ ቅርጻ ቅርጾቹ ግን ከቀደሙት ከትራያን፣ ከሐድሪያንና ከማርቆስ አውሬልዮስ ሐውልቶች የተነቀሉ ናቸው። እንደገና ያው ጥያቄ፤ ድንጋዩ ከየት መጣ? የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ደግሞ በ356 አካባቢ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል። የደብዳቤው ጉዳይ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስ ነው። ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በዚያ ባለው ጳጳስ እንዲመረመር ይጠይቃል። ደብዳቤው በቅዱስ አትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል።

ይህ ግንኙነት በድንገት አልመጣም። ባሕሩ ነው ያመጣው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ስሙ የማይታወቅ በግብፅ የሚኖር ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች የሚዘረዝር ጽሑፍ በግሪክኛ ጻፈ። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ የምትገኘውን አዱሊስን ይገልጻታል። ከዚያ ሦስት ቀን ወደ ቆሎኤ፣ ከዚያ አምስት ቀን ወደ አክሱም ይላል። የዝሆን ጥርስ ከየት እንደሚወጣ፣ ከሮም ግዛት ምን እንደሚገባ ይናገራል፤ ብርጭቆ፣ ብረት፣ ጥቂት ወይን ጠጅ፣ ጥቂት የወይራ ዘይት። ገዢው ዞስካሌስ ገንዘብ ላይ ጠንካራ እንደሆነና የግሪክ ጽሑፍ እንደሚያውቅም ጽፏል። አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ገንዘብ ማተም ስትጀምር ጽሑፉ በግሪክኛ የሆነው ለዚህ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ወደዚያ ገበያ ነው።

ከጥያቄዎቻችሁ አንዱን ጨርሼ ልቀመጥ። «አገሩን ሳናይ፣ ግሪክኛም ሳናውቅ ከየት እንጀምር?» ብላችኋል።

ከአንድ ሕንፃ ጀምሩ። አንድ ብቻ። ስድስት ወር ከእሱ ጋር ቆዩ። ድንጋዩን፣ ገንዘቡን፣ ሠራተኛውን፣ መንገዱን ተከተሉ። የጥንት ጽሑፎች ከነእንግሊዝኛ ትርጉማቸው «ፐርሲየስ» በሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይገኛሉ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ኦርቢስ» ደግሞ በሮም ዘመን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስወጣ ያሰላላችኋል። በየብስና በባሕር መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ስታዩ የእነዚያ ከተሞች አቀማመጥ ይገባችኋል።

ግሪክኛውን ደግሞ አትፍሩት። ፊደሉ በጥቂት ሳምንት ይያዛል። ለመጀመሪያ ንባብ የምመክረው ሆሜርን አይደለም። አክሱም የሚገኘውን የኢዛናን የድንጋይ ጽሑፍ ነው፤ በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ የሚናገረውን። በአንዱ ፊት ግሪክኛ አለ። በሌላው ፊት ያው ታሪክ በግዕዝ ነው፤ አንድ ጊዜ በግዕዝ ፊደል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሳባ ፊደል። ግሪክኛው አጭርና ቀላል ነው። ግዕዝ የተማራችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና መስመር በመስመር አመሳክሩ።